ለሕፃን እጅ የቀረበ ዕቃ፦ የናይሮቢ መዋዕለ ሕፃናት ይዞታና የመማሪያ ቁሳቁስ

በኬንያ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ይማራሉ። በስዋሂሊ «ቼኬቼያ» የሚባለው ይህ ደረጃ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ዕድሜ ይጀመራል። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዘርፉን ለካውንቲዎች ስለሰጠ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በናይሮቢ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን ክፍል የሚያሠራውም መምህር የሚቀጥረውም የከተማዋ ካውንቲ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው ግን የኬንያ የሥርዓተ ትምህርት ልማት ተቋም ነው።

የከተማዋ መዋዕለ ሕፃናት ይዞታ እንደየሰፈሩ ይለያያል። የመንግሥቶቹ በአብዛኛው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ናቸው። በኪቤራ፣ በማታሬና በሙኩሩ የድሆች ሰፈሮች ደግሞ ግለሰቦች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት የከፈቷቸው አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ማዕከላት ይበዛሉ። ብዙዎቹ በ«ማባቲ»፣ ማለትም በቆርቆሮ፣ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች ናቸው። የቆርቆሮ ክፍል በጥርና በየካቲት ፀሐይ ይግላል፤ በሚያዝያ ዝናብ ሲመታው ደግሞ የመምህሯ ድምፅ አይሰማም። ለዚህ መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ መለጠፍ ሙቀቱንም ጩኸቱንም ይቀንሳል፣ ትይዩ መስኮቶች መክፈት ደግሞ አየር ያስገባል። የሕንፃው ጥንካሬ ግን ችላ ሊባል አይችልም። በመስከረም 2019 በናይሮቢ ዳጎሬቲ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ተደርምሶ 8 ተማሪዎች ሞተዋል።

በዚህ ዕድሜ ወለሉ ራሱ የመማሪያ ዕቃ ነው፤ ሕፃናት የሚደረድሩት፣ የሚስሉትና ተረት የሚያዳምጡት መሬት ተቀምጠው ነውና። ስለዚህ ሊጠረግና ሊታጠብ የሚችል የሲሚንቶ ወለልና ምንጣፍ ከተደረደረ ዴስክ ይልቅ ይጠቅማል። ወንበር የተገዛ እንደሆነ የልጁ እግር መሬት የሚነካበት፣ ልጁም ራሱ ተሸክሞ ሊያዞረው የሚችል መሆን አለበት።

በኬንያ የትምህርት ቤቶች መለኪያ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚታሰበው ለ25 ሴቶች ወይም ለ30 ወንዶች ነው። ለሕፃናት ከቁጥሩ ባልተናነሰ ቀዳዳው መጥበብ፣ በሩም በቀላሉ መከፈት አለበት፤ የፈራ ልጅ ሽንቱን ይዞ ይውላልና። ውኃ በጀሪካን በሚገዛባቸው ሰፈሮች በገመድ ተንጠልጥሎ በእግር ሲረገጥ የሚያዘነብል ጀሪካን ቧንቧን ይተካል። ውኃ ይቆጥባል፤ የታጠበው እጅም መልሶ ቆሻሻ አይነካም።

የውጭ ጨዋታ ቦታ በናይሮቢ በጣም የተወደደ ነገር ነው። ሜዳ ያላቸው መዋዕለ ሕፃናት ዥዋዥዌና ሸርተቴ ይተክላሉ። የሌላቸው አሮጌ ጎማ፣ ገመድና አሸዋ ይጠቀማሉ፤ ወይም በየተራ ወደ ቅርብ ሜዳ ይወጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ ዕቃው በመማሪያ ማዕዘናት ይከፈላል፦ የቤት፣ የሱቅ፣ የተፈጥሮና የመጻሕፍት ማዕዘን። የሱቁን ማዕዘን ቀረብ ብሎ ማየት አሠራሩን ያስረዳል። ባዶ የሻይ ቅጠልና የሳሙና ካርቶኖች መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ የለስላሳ ቆርኪ ደግሞ ገንዘብ ይሆናል። ገዢዋ ሕፃን ለሳሙናው 3 ቆርኪ ትቆጥራለች፤ ሻጩ መልሶ ይቆጥርና 1 ይጎድላል ይላል። በዚህች ክርክር መቁጠር፣ ማወዳደርና ሐሳብን በቃል መግለጽ አብረው ይሠራሉ። ጨዋታው ሲያበቃ ቆርኪዎቹ በቀለም ተለይተው ወደ ጣሳቸው ሲመለሱ መመደብም ይጨመራል።

በአካባቢ በሚገኝ ነገር ማስተማር በኬንያ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። የያኔው የኬንያ ትምህርት ኢንስቲትዩት ከኔዘርላንዱ በርናርድ ቫን ሊር ፋውንዴሽን ጋር በ1971 የቅድመ መደበኛ ፕሮጀክት ጀመረ፤ በ1984 ደግሞ ብሔራዊ የሕፃናት ትምህርት ማዕከል ተቋቋመ። መምህራን በቆሮቆንዳ፣ በሸክላ ጭቃና በጨርቅ ዕቃ መሥራትን፣ ከወላጆችም ተረትና መዝሙር መሰብሰብን ተማሩ። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሳሉ የፊደልና የቁጥር ሰንጠረዦች ዛሬም በየግድግዳው ይታያሉ፤ እንደ ወረቀት በቶሎ አይቀደዱም።

በቆርኪና በካርቶን የማይተካው መጽሐፍ ነው። የናይሮቢ ልጅ በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በሰፈሩ ስዋሂሊ፣ በክፍሉ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ስለዚህ ሥዕል የበዛባቸውና ጽሑፋቸው ያነሰ የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያስፈልጉታል። መግዛት ላልቻለ ማዕከል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይረዳል። በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በካሎሌኒና በማካዳራ ቅርንጫፎች አሉት፤ ቡክ በንክ የተባለው ድርጅትም ከካውንቲው ጋር ሆኖ ቅርንጫፎቹን አድሷል።

ምግብም ከመገልገያዎቹ ይቆጠራል፤ የራበው ልጅ አይጫወትም። ካውንቲው በ2023 «ዲሺ ና ካውንቲ» የተባለ የምሳ ፕሮግራም ጀምሯል። ምግቡ በትልልቅ ማእድ ቤቶች ተዘጋጅቶ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት ይታደላል። ወላጅ ለአንድ ምሳ 5 ሽልንግ ይከፍላል፤ ልጁም የእጅ አምባሩን መሣሪያ ላይ አስነክቶ ድርሻውን ይወስዳል።

የዕቃ ብዛት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ይበላሻል ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ውድ መጫወቻ ለልጁ እንደሌለ ነው። መደርደሪያው በልጁ ደረት ልክ፣ ዕቃው በየማዕዘኑ ሥዕል በተለጠፈበት ቦታው ሲቀመጥ ልጁ ራሱ አውጥቶ ራሱ ይመልሳል። የጎደለውን ቆርኪ በየተርሙ መተካትና የተቀደደውን ካርቶን መጠገን የመምህሯ ሥራ ነው፤ ባዶውን የሳሙና ካርቶን ሳይጥሉ መላክ ደግሞ የወላጅ።