የማኅበሩን ዘር የሚያስተዋውቅ በራሪ ወረቀት አዘገጃጀት

ዘር አባዢ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያመረቱት ምርጥ ዘር በመጋዘን ተከማችቶ ሲቀር ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የዘሩ አይደለም። የጎረቤት ቀበሌ ገበሬ ዘሩ መኖሩን፣ ዋጋውንና የሚሸጥበትን ቦታ በወቅቱ ስላልሰማ ነው። የመዝሪያው ወቅት ካለፈ ዘሩ በተራ እህል ዋጋ ይሸጣል፤ ማኅበሩ ለማበጠሪያ፣ ለጥራት ምርመራና ለከረጢት ያወጣው ገንዘብም አይመለስም። ይህን ኪሣራ ለመከላከል ከሚያገለግሉት መንገዶች ርካሹ አንድ ገጽ በራሪ ወረቀት ነው። አዘገጃጀቱን ከዚህ በታች የምንገልጸው የጤፍ ዘርን በምሳሌነት ወስደን ነው።

ለአስተያየት ከሚቀርቡልን ወረቀቶች በአብዛኞቹ ላይ የላይኛው ግማሽ በማኅበሩ ታሪክ፣ በአባላቱ ብዛትና በሊቀ መንበሩ መልእክት የተያዘ ነው። የዘሩ ስም የሚገኘው በመጨረሻው መስመር ሲሆን ዋጋው ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለው ወረቀት በገበያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አይተነዋል። ገበሬው ወረቀቱን ሲቀበል ማኅበሩ መቼ ተቋቋመ ብሎ አይጠይቅም። ምን ዘር ነው? ለእኔ መሬት ይስማማል? ስንት ነው? የት ይገኛል? እስከ መቼ? ይላል። ወረቀቱም በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልስለት። የማኅበሩ ስም ከግርጌ ቢሆን ይበቃል። ማኅተሙ ግን አይቅር፤ ማኅተም የሌለውን ወረቀት ገበሬው እንደ ነጋዴ ወሬ ይቆጥረዋል።

«ምርጥ ዘር ለተሻለ ሕይወት» የሚል ርእስ ለስንዴም ለበቆሎም ስለሚሆን ለማንኛቸውም አይሠራም። «የቁንጮ ጤፍ ዘር በማኅበራችን መጋዘን ይሸጣል» ቢባል ጉዳዩ ወዲያው ይታወቃል። ቁንጮ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በማዳቀል ተገኝቶ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀ ነጭ ጤፍ ነው፤ በገበሬው ዘንድ የታወቀ በመሆኑ ስሙ ብቻውን ይሸጣል። የዝርያው የመዝገብ ቁጥር ለእኛ ለተመራማሪዎች እንጂ ለገዢው አይጠቅምም።

የዘሩ መጠንም በገበሬው ማሳ ልክ ይነገር። በብተና ለሚዘራ ጤፍ በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም የሚለው ምክር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ «ለሩብ ሄክታር 7 ኪሎ ይበቃል» ተብሎ ዋጋውም ለ7 ኪሎ ተሰልቶ ቢጻፍ ገዢው ከሒሳብ ይድናል። በመስመር ሲዘራ መጠኑ ስለሚያንስ ይኸው ለብቻው ይገለጽ። በጥማድ መጻፍ የሚፈልግ ማኅበር የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በቅድሚያ ልኩን እንዲያረጋግጥ ያድርግ፤ ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለያያልና።

ከማኅበራት ጋር የምንከራከረው ከሁሉ ይበልጥ በምርቱ መጠን ላይ ነው። አመራሮቹ በምርምር ጣቢያ የተገኘው ከፍተኛ ምርት በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ይሻሉ። እኛ አንስማማም። የጣቢያው ምርት የተገኘው በወቅቱ በታረሰ፣ በሚገባ በታረመና ማዳበሪያ በተሟላለት መሬት ነው። ያንኑ ያህል አገኛለሁ ብሎ በብድር ማዳበሪያ የወሰደ ገበሬ ግማሹን ቢያመርት ዕዳው በራሱ ላይ፣ ወረቀቱም በእጁ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩን የሚያስታውሰው በዚያ ወረቀት ነው። የሚሻለው አምና በዚያው ወረዳ ዘሩን ከዘሩ አባላት ማሳ ተመዝኖ የተገኘውን፣ ከፍተኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንም ማስፈር ነው።

አመራሮቹ የማይወዱት ሌላም ነገር አለ። ጤፍ በራሱ የአበባ ብናኝ የሚራባ ሰብል በመሆኑ፣ ገበሬው ከሌላ ዝርያ ጋር እንዳይደባለቅ ከጠበቀው ከገዛው ዘር ያገኘውን ምርት መርጦ ለጥቂት ዓመታት መልሶ መዝራት ይችላል። ይህን መጻፍ ገዢ ያሳጣናል የሚሉ አሉ። ገበሬው ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ የሚጠራጠረው ሲደበቅ ነው። በአንጻሩ እንደ ቢኤች 660 ያለ ድቅል በቆሎ የሚሸጥ ማኅበር፣ ከማሳ ተይዞ የሚዘራው ምርቱ ስለሚቀንስ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት እንዳለበት በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

በብዙ ቤት ወረቀቱን የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው፤ አባትና እናት ያዳምጣሉ። ስለሆነም ከመታተሙ በፊት አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጥቂት ገበሬዎች ያንብብ። ገበሬዎቹም ዘሩ የት እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ ይጠየቁ። ልጁ የተደናቀፈበት ቃል ይለወጥ። «የብቅለት መጠን» ከማለት «ከ100 ፍሬ ይህን ያህሉ በቅሏል» ማለት ይቀላል፤ ገዢውም በቤቱ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ እንዲሞክር ይጋበዝ።

በፊደል መጠን መቆጠብ አይገባም። ፊደሎቻችን የሚለዩት በትናንሽ ምልክቶች ነው፤ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ምልክቷ በምትቀጠልበት ቦታ ብቻ ነው። ጽሑፉ አንሶ ሲባዛ ቀለም ይሞላውና ምልክቶቹ ይጠፋሉ። ከ14 ነጥብ ባያንስ እንመርጣለን። ዋናው ቅጂ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከኮፒ ላይ ኮፒ አይነሣ። የዋጋው ቦታ ክፍት ሆኖ በእጅ ይሞላ።

ጤፍ በአብዛኛው በሐምሌ ስለሚዘራ በሐምሌ የታደለ ወረቀት ዘሩን አስቀድሞ ያዘጋጀ ገበሬ ነው የሚያገኘው። በግንቦት፣ በገበያ ቀን፣ የዘሩ ናሙና በሳህን ቀርቦ በእጅ ቢሰጥ ይመረጣል። በወረቀቱ ጥግ ላይ የገበያው ስም ይጻፍበት፤ ገዢው ይዞት ሲመጣ ሻጩ በመዝገብ ያስፍር። በሚቀጥለው ዓመት ለየትኛው ገበያ ስንት ወረቀት እንደሚላክ የሚወሰነው ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ነው።