ስለ ሐረር የከተማ ቤት አሠራር

ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሩቅ አገር ሕንፃዎች ሲጽፉ እኔ ስለ ቅርቡ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ስላለው ስለ ሐረር ቤት ለመጻፍ መርጫለሁ። ምክንያቴም አያቴ የሚኖሩበት አሮጌ ቤት ዘንድሮ መታደስ ስላለበትና በዘመዶቻችን መካከል «በሲሚንቶ ይሠራ»፣ «የለም፣ እንደ ድሮው ይሠራ» የሚል ክርክር ስለ ተነሣ ነው። በክርክሩ ለመፍረድ ግን አስቀድሞ የቤቱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የሐረር ሰው ቤቱን «ጌ ጋር» ይለዋል። «ጌ» ከተማ፣ «ጋር» ደግሞ ቤት ነውና ትርጉሙ የከተማ ቤት ማለት ነው። በግንቡ የታጠረው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ቤቶቹ ተራርቀው ሊሠሩ አልቻሉም። ስለዚህ ጎን ለጎን ተያይዘው ቆሙ፤ የአንዱ ቤት ግድግዳ ለጎረቤቱም ግድግዳ ሆነ። በጠባቡ መንገድ የሚያልፍ ሰው ከግንብና ከግቢ በር በቀር የሚያየው ነገር ጥቂት ነው። የቤቱ ፊት ወደ ግቢው የዞረ ነውና፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተ ሰብ ይኖራል።

ግድግዳው የሚሠራው ከአካባቢው ድንጋይ ሲሆን ማያያዣው ጭቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኖራ ይለሰናል። ውፍረቱ ቀን የፀሐይን ሙቀት፣ ሌሊት ደግሞ ብርድን ይከላከላል። ጣሪያው በጥንቱ ሥርዓት ጠፍጣፋ ነበር፤ በወራጅ እንጨት ላይ ርብራብ ተደርጎ አፈር ይደለደልበታል። ዛሬ ግን አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ዋናው ክፍል «ግድር ጋር» ይባላል። ወንበርና ጠረጴዛ አያስፈልገውም፤ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መደብ ነውና። መደቡን «ነደባ» ይሉታል፤ ቍጥሩ 5 ሲሆን ከፍታቸው የተለያየ ነው። አሚር ነደባ የአባወራውና የከበረ እንግዳ ቦታ ነው፤ ከዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ግድር ነደባ ሰፊው የብዙ ሰው መቀመጫ ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን ገለል ያለ ነው። ከበሩ ጀርባ አንድ፣ ዝቅ ብሎም «ጢት ነደባ» የሚባል ትንሹ መደብ አለ። ስለዚህ ወደ ቤቱ የገባ ልጅ ማንም ሳይነግረው የታላቁንና የታናሹን ቦታ ይማራል። በግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ መስኮት የተቦረቦሩ፣ ብዙውን ጊዜ 11 የሆኑ የዕቃ ማስቀመጫዎች አሉ፤ በዙሪያቸውም ሴቶቹ የሰፏቸው ያማሩ ስፌቶች ይሰቀላሉ።

ከጎን «ኪርታት» የተባለች ትንሽ ክፍል አለች። በጥንቱ ባህል ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ በዚያ ይሰነብቱ ነበር። ከላይ ያለው ቆጥ እህልና ዕቃ ማኖሪያ ነበር። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልመለስ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከመሬትና ከዝናብ እርጥበት ይስባል። ኖራ ያንን እርጥበት ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። ውሃው በውስጥ ሲታገድ ጭቃው ይላላል፤ ልስኑም ይነሣል። ግድግዳው የጋራ በሆነበት ስፍራ ደግሞ በዚህ በኩል የታገደው እርጥበት በወዲያኛው በኩል መውጫ ይፈልጋል። እኛ ቤታችንን አጠነከርን ስንል የጎረቤታችንን ግድግዳ እናረጥባለን ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ክፍያ ነው። ወራሾች ሲበዙ በግድር ጋር መካከል አዲስ ግድግዳ እናቁም የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በእኛም ዘንድ ተነሥቷል። የቦታ ጥበት እውነተኛ ችግር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም 5ቱ መደቦች አንድ ላይ ሆነው ነው ትርጉም የሚሰጡት፤ ለሁለት ከተከፈሉ የሚተርፈው ከፍና ዝቅ ያለ ወለል ብቻ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን ቤቶችም ቆጥሮ ነው። መዝገብ ግን ጣሪያ አይከድንም፤ ግድግዳም አይለስንም። ያን የሚያደርገው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን ቤት ለማደስ ሲነሡ፣ ሲሚንቶ ከመግዛታቸው በፊት የኖራውን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛና በግድግዳው ማዶ ያለውን ጎረቤት እንዲያማክሩ በትሕትና እለምናለሁ። ለዘመዶቼም ያቀረብሁት ሐሳብ ይኸው ነው፤ አያቴም ደግፈውኛል።