ዕረፍት ብቻውን የማያድነው ጅማት

አንድ ሯጭ የተረከዙ ጅማት ሲታመምበት ልምምዱን አቁሞ አንድ ወር ያርፋል። ሕመሙም ይጠፋል። ይሁን እንጂ ወደ ሜዳ በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ያው ሕመም ያገረሽበታል። ለምን? መልሱን ለማግኘት ከሕክምናው በፊት ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልገናል።

የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት የአኪለስ ጅማት ይባላል። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው እርሱ ነው። በአንድ እግር፣ ተረከዛችንን አንሥተን ስንቆም፣ እግራችን እንደ መፈንቅል ይሠራል፤ መደገፊያውም ቁርጭምጭሚት ነው። መሬቱ ወደ ላይ የሚገፋን ከመደገፊያው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ርቆ ሲሆን፣ ጅማቱ የሚስበው ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ርቆ ነው። ሚዛኑ እንዲጠበቅ የእያንዳንዱ ኃይልና የርቀቱ ብዜት እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ማለትም ክብደቱ 600 ኒውተን ያህል የሆነ ሰው፣ ጅማቱ 600×12÷5 = 1,440 ኒውተን ይሸከማል። በሩጫ ጊዜ የመሬቱ ግፊት የክብደታችንን 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ የጅማቱ ጭነት ወደ 3,600 ኒውተን ያሻቅባል። ይህም 360 ኪሎ ግራም በጅማቱ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው፤ ያውም በየእርምጃው!

ጅማት ግን እንደ ገመድ ግዑዝ ነገር አይደለም። ሕያዋን ሴሎቹ ውጥረት ሲሰማቸው ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ውጥረት ሲያጡ ጅማቱ ቀስ በቀስ ጥንካሬውን ያጣል። እንግዲህ ያረፈው ሯጭ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን የመሸከም አቅሙንም ቀንሷል። ሲመለስ የሚጠብቀው ጭነት ግን ያው 3,600 ኒውተን ነው።

በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ወጌሻው ሮጦ ሲገባ እናያለን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዋና ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ጭነትን እንደ መድኃኒት በልክ ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ ሥር የሰደደ የአኪለስ ጅማት ሕመም ለነበረባቸው 15 ሯጮች አንድ ቀላል እንቅስቃሴ አዘዙ። ታማሚው በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ በጤናማው እግሩ ይነሣል፤ ከዚያም በታመመው እግር ብቻ ተረከዙን ቀስ እያለ ከጠርዙ በታች ያወርዳል። ይህ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት ይደጋገማል። ሕመሙ ሲቀንስ ክብደት የያዘ ቦርሳ ይጨመራል። አሥራ አምስቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ እንደማይድን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ ከባድ ክብደትን በዝግታ ማንሣት ተመጣጣኝ ውጤት እንደሚሰጥ አመለከተ። ስለሆነም ቁም ነገሩ የእንቅስቃሴው ዓይነት ሳይሆን በልክ እያደገ የሚሄደው ጭነት ነው።

ልኩ በምን ይታወቃል? ብዙ ባለሙያዎች ታማሚው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እንዲገምት ያደርጋሉ። ከ5 ካልበለጠና በማግሥቱ ጠዋት ከረገበ ጭነቱ ተስማሚ ነው፤ ካልረገበ ይቀነሳል። ወደ ውድድር መመለሻውም በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይወሰንም። የታመመው እግር ተረከዝን ስንት ጊዜ ማንሣት እንደሚችል ከጤናማው ጋር ይነጻጸራል።

ጉዳዩ ለአገራችን ሯጮች እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ፣ የአኪለስ ጅማት ሕመም ይዞት ነበር።

ጅማቱ ድንገት «ጧ» ብሎ ተረከዝ ማንሣት ካቃተ ግን ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ላለው የቆየ ሕመም፣ አንባቢ ሆይ፣ «እስኪሻልህ ተኛ» የሚለውን ምክር ከመቀበልህ በፊት ጅማትህ ነገ ስንት ኒውተን እንደሚጠብቀው አስብ።