ፍርሃት የወሰዳቸው 28 ሰዓታት

የ33 ዓመት ሴት ናት። ከዚያ በፊት ይህ ነው የሚባል ሕመም አልነበረባትም። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ገደማ በኒውዮርክ ከተማ ሳል፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ያዛትና አንድ ሳምንት ያህል ቆየባት። እኛ ቤት ቢሆን «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ የሚታሽበት ዓይነት ሕመም ነው። ቀጥሎ ግን ምላሷ ይተሳሰር ጀመር፤ የግራ እጇና የግራ እግሯም ደነዘዙ፤ ኃይልም አጡ። ይህ ሁሉ ለ28 ሰዓታት እየባሰ ሲሄድ ሴትዮዋ ወረርሽኙን ፈርታ ወደ ሐኪም ቤት ከመሄድ ዘገየች። በመጨረሻ ሄዳ ስትመረመር ኮሮና ተገኘባት፤ በአንገቷ ቀኝ በኩል ወደ አንጎል በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ውስጥም ደም ረግቶ ታየ።

ታሪኳን የመዘገቡት የማውንት ሳይናይ ሐኪሞች ናቸው። ከመጋቢት 14 እስከ 29 ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆነ፣ ትልልቅ የአንጎል ደም ሥራቸው የተዘጋና ኮሮና የተገኘባቸው 5 ሰዎች መጡላቸው። በፊተኛው ዓመት በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በሁለት ሳምንት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከአምስቱ ሁለቱን ያዘገያቸው ፍርሃት ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ስንቶቻችን ከሐኪም ቤት ደጃፍ እንደ ሸሸን አንረሳውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሷ የጥርስ ሕመሟን በቅርንፉድ ስታባብል ከርማለች። አንጎል ግን እንደ ጥርስ አይባበልም።

ኮሮና የሳንባ በሽታ ነው ሲባል ሰምተን በዚያው ቀርተናል። በሽታው ግን የደም ሥርን የውስጥ ገጽ ያስቆጣል፤ ደምም ከልክ በላይ እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን መንገድ ሲዘጋ፣ ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ስትሮክ የሚባለው ይኸው ነው። የያዘው ሁሉ በስትሮክ ይመታል ማለት አይደለም፤ በኮሮና ሆስፒታል ከገቡት መካከል እንኳ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያህል ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ሥጋቱ ይበረታል። የዓለም የጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢሆንም ቫይረሱ ከመካከላችን አልጠፋም።

እንግዲህ እናቶች፣ ከቤተሰብ የአንዱ ፊት በድንገት ቢዛባ «ነፋስ መታው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል? ሁለት እጁን ዘርግቶ ያቆይ፤ አንዱ ይወድቃል? ስሙንና ሰፈሩን ይንገራችሁ፤ ቃሉ ይተሳሰራል? ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ሰዓቱን አይታችሁ ጻፉ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ በመሆኑ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደሙ ረግቶ ይሁን ፈስሶ የሚለየው እንደ ሲቲ ስካን ባለ ምርመራ ስለሆነ አስፕሪን ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠት አይገባም። ውሃም ቢሆን አይሰጥ፤ ጉሮሮው ሰንፎ ትን ሊለው ይችላል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሉ፤ የሚዘገይ ከሆነ የጎረቤት መኪና ወይም ታክሲ ይጠራ። ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ በደኅናው ቀን ጠይቆ ማወቅ ያን ዕለት ከመንከራተት ያድናል።

እናቲቱ ራሷ ስትታመምስ? ከሥራ ውላ የገባች ሴት እጇ ቢደነዝዝ «ድካም ነው» ብላ ልጆቹን አብልታ፣ ሊጡን አቡክታ ትተኛለች። በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚያያት ብዙ ጊዜ ልጇ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች መማር አያቅተውም፤ ጎረቤት መጥራትም ያውቃል።

የኒውዮርኳ ሴት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተሰጥቷት በ10ኛው ቀን ስትታይ የረጋው ደም ሟሙቶ ነበር። ከሆስፒታሉ ስትወጣ ግን የተላከችው ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ማገገሚያ ተቋም ነው።