ፓኖራማ እና አዲስ እይታ ከፎቶዎች

ፓኖራማ በአንድ የተለመደ ፎቶ ሊያዝ የማይችል ሰፊ እይታን፣ አንዳንዴም በተመልካቹ ዙሪያ ያለውን 360 ዲግሪ በሙሉ የሚያሳይ ምስል ነው። ከዚሁ ጋር የሚዛመደው አዲስ እይታን የማስላት ዘዴ ደግሞ ካሜራው ካልቆመበት ቦታ ትዕይንቱ ምን እንደሚመስል ከተነሡ ፎቶዎች ያወጣል። ፓኖራማ ተመልካቹ አንገቱን እንዲያዞር ያስችላል፤ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ግን አያስችልም። ሁለተኛው ዘዴ ያንን እርምጃ ለመፍቀድ የተፈጠረ ነው።

ታሪክ

ቃሉ «ሁሉ» እና «እይታ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ሠዓሊው ሮበርት ባርከር በ1787 እ.ኤ.አ. ተመልካቹን ዙሪያውን ለሚከብብ ሥዕል የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1793 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን ሌስተር አደባባይ ለዚሁ የተሠራ ክብ ሕንጻ ከፈተ።

ፎቶዎችን ማጋጠም

የ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ ጎን 40 ዲግሪ ያህል ያያል። እያንዳንዱ ፎቶ በቀጣዩ ላይ 30 በመቶ ቢደራረብ፣ አንዱ ፎቶ የሚጨምረው 28 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዙሪያውን ለመሸፈን 13 ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። ኮምፒዩተሩ በተደራረበው ክፍል ላይ እንደ መስኮት ማዕዘን ወይም የድንጋይ ጠርዝ ያሉ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ይፈልጋል፤ በእነሱም ፎቶዎቹን አስተካክሎ ያጋጥማል። ማቲው ብራውን እና ዴቪድ ሎው በ2003 እ.ኤ.አ. የትኞቹ ፎቶዎች አብረው እንደሚሄዱ ሳይቀር ራሱ የሚለይ ዘዴ አቀረቡ።

መጋጠሚያው እንዲሰምር ካሜራው ባለበት መዞር እንጂ ቦታ መልቀቅ የለበትም። ቦታውን ከለቀቀ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር ይንሸራተታል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። አንድ ሰው ጣቱን ከፊቱ አቁሞ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን ቢጨፍን ጣቱ ከግድግዳው አንጻር የሚዘል የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዲስ እይታን ማስላት

ለፓኖራማ ችግር የሆነው ፓራላክስ እዚህ ዋናው መረጃ ነው። ካሜራው 10 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 1 ሜትር ርቆ ያለ ነገር 5.7 ዲግሪ፣ 10 ሜትር ርቆ ያለው ግን 0.6 ዲግሪ ያህል ብቻ ይንሸራተታል። ስለዚህ የመንሸራተቱ መጠን ርቀትን ይናገራል። ርቀቱ ከታወቀ ነገሩ ከሌላ ቦታ የት እንደሚታይ ማስላት ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኔርፍ የተባለው ዘዴ በትዕይንቱ ውስጥ በየነጥቡ ያለውን ቀለምና ጥግግት ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ከብዙ ፎቶዎች እንዲማር ያደርጋል።

ገደብ

ከምሰሶ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አንድም ፎቶ ካላየው፣ የትኛውም ስሌት በእርግጠኝነት ሊያወጣው አይችልም፤ ኮምፒዩተሩ ቦታውን ባዶ ይተወዋል ወይም በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ለዓይን እውነተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለጨዋታ ወይም ለፊልም ይህ ጉዳት የለውም። ምስሉ የአደጋ ቦታን ለመመርመር ወይም ጥንታዊ ሕንጻን ለመጠገን የሚያገለግል ከሆነ ግን፣ ካሜራ ያየውና በስሌት የተሞላው ተለይተው መታወቅ አለባቸው።