መዝገቡን ሳያወርዱ ምርትን ማስላት
በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በጄልዱ ወረዳ ጎጆ ከተማ ዙሪያ ድንችና ገብስ ይመረታሉ። የየአርሶ አደሩ ምርት በአንድ የመረጃ ቋት ቢመዘገብ፣ የየቀበሌውን የድንች ምርት አማካይ የሚፈልግ ባለሙያ መዝገቡን በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ማውረድ አይጠበቅበትም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱን ችሎ የወጣው «ዲቢፕላየር» የተሰኘ የ«አር» ፕሮግራም ቋንቋ ላይብረሪ ይህን ሥራ ያቃልላል። ባለሙያው «ድንቹን ለይ፣ በቀበሌ መድብ፣ አማካዩን አስላ» የሚሉ ትእዛዞችን በሰንሰለት ያያይዛል፤ ላይብረሪው ሰንሰለቱን የመረጃ ቋቱ ወደሚረዳው ኤስኪውኤል ይተረጉመዋል። ውጤቱ እስኪጠየቅ ድረስ ስሌቱ አይጀመርም። የሚሰላውም በመረጃ ቋቱ ውስጥ በመሆኑ፣ በኔትወርክ የሚጓዘው ለየቀበሌው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሆኖም ላይብረሪው ትእዛዝን ይተረጉማል እንጂ መዝገብን አያርምም። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል ከተመዘገበ አማካዩ ያሳስታል።