ሁለተኛው ረዳት

ወረታ ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም፣ ዴስክቶፑ ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው እናስብ። ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ አስሩጦታል፤ በሙያው ቋንቋ ኦቨርክሎክ አድርጎታል። ፍጥነቱ ተገኘ፣ ሙቀቱም ተከትሎ መጣ። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ነውና አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ሰውየው የቀረችውን አንድ መንገድ ያዘ። ቮልቴጁን በ10 ሚሊቮልት ቀነሰ። ሠራ። ሌላ 10 ቀነሰ። እሱም ሠራ። ደግሞ ቀነሰ።

ትርፉ ያጓጓል። ፕሮሰሰር ለሥራው የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ ፍጆታው በ19 በመቶ ይወርዳል። ሰውየው ሲያወርድ ሲያወርድ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ሆነ። አንድ እርምጃ ወደ ላይ ተመለሰ፣ መሞከሪያ ፕሮግራሙን አስነሣና ተኛ። ጠዋት ማሽኑ እየሠራ አገኘው። «በቃ፣ ዝቅተኛውን አገኘሁት» አለ።

አላገኘውም። ለምን እንዳላገኘው ለመረዳት ግን ሚሺጋን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ፋብሪካው ለምን ያን ያህል ትርፍ ቮልቴጅ ይመድባል? ይህን ለፎገራ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ክረምት ሲበረታ የርብና የጉማራ ወንዞች ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ይተኙበታል። ቤት የሚሠራ ሰው የአምናን ውሃ ብቻ አይቶ ቦታ አይመርጥም፤ የ1998 ዓ.ም.ን የጎርፍ ክረምት ያስታውሳል፣ ለክፉው ዓመት ብሎ ከፍ ይላል። ቺፕ ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከአንድ ምድብ ከወጡት ቺፖች ደካማው፣ ከክፍሎች ሁሉ ሞቃቱ፣ የእርጅና ዘመን፣ በድንገት የሚወርድ የኤሌክትሪክ ጉልበት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ቢገጥሙስ ብለው በእያንዳንዱ ላይ መጠባበቂያ ደራረቡ። ልዩነቱ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት በደግ ዓመት አያስከፍልም። ትርፍ ቮልቴጅ ግን በየሰከንዱ ይቃጠላል።

መጠባበቂያውን ለመቀነስ ግን የት ድረስ እንደሚኬድ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩን በወረታ መነኻሪያ እንመስለው። በእያንዳንዱ የክሎክ ምት አንድ አውቶቡስ ይነሣል፤ በሩ ላይ የቆመው ረዳት የገባውን አስገብቶ ይዘጋል። ተሳፋሪዎቹ ትራንዚስተሮች የሚቀባበሏቸው ምልክቶች ናቸው። ኦቨርክሎክ አውቶቡሱን ቀድሞ ያስነሣዋል። ቮልቴጅ መቀነስ ደግሞ የተሳፋሪውን እግር ያስርበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣውን ተሳፋሪ አንድ ቀን ማስቀረቱ አይቀርም። ሰማያዊ ስክሪን በዚህ ጊዜ ደግ መልእክተኛ ነው፤ ቢያንስ ጮኾ ይናገራል። የሚያስፈራው አውቶቡሱ ሰው ጎድሎበት በሰላም ሲሄድ ነው። ማሽኑ አይቆምም፣ አያስጠነቅቅም፣ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው ኦቨርክሎክ አድራጊዎች ፕራይም95ን የወደዱት። ፕሮግራሙ ለእነሱ ተብሎ አልተሠራም፤ ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ግዙፍ ቁጥሮችን በብዙ ሰዎች ኮምፒውተሮች ለማሰስ የጀመረው ሥራ ነው። ሒሳቡ አንድ ቦታ ከተሳሳተ የወራት ድካም ከንቱ ስለሚሆን ፕሮግራሙ ራሱን እየመረመረ እንዲሄድ ተደረገ፤ የተደበቀ ስሕተት ለሚያድን ሰው ከዚህ የተሻለ ወጥመድ አልነበረም። ግን እሱም ሌሊቱን ሙሉ የሚመሰክረው ስለዚያች ሌሊት ብቻ ነው። ነገ ቀኑ ቢሞቅስ? ሌላ ፕሮግራም ከዚያ የራቀ ቀበሌ ተሳፋሪ ቢያስመጣስ?

መሐንዲሶቹ ከቤት ተጠቃሚው የተሻለ ነገር ሳይሞክሩ አልቀሩም። አንዱ ሙከራ ቺፑ ላይ የረጅሙን መንገድ አምሳያ መሥራት ነበር። አምሳያው መዘግየት ሲጀምር ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ብልህ ሐሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን አምሳያው ያለበት የቺፕ ጥግ ሲቀዘቅዝ እውነተኛው መንገድ ያለበት ጥግ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ለአምሳያውም መጠባበቂያ አስፈለገው። ዞረው እዚያው።

ቶድ ኦስቲን የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ይዞት ነበር። ዲቫ ብሎ በሰየመው ንድፍ፣ ከሚሮጠው ትልቅ ፕሮሰሰር ኋላ ቀለል ያለ መርማሪ አስቀመጠ፤ ትልቁ ይሳሳት፣ ትንሹ ይያዘው አለ። መርማሪው ግን የቆመው ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ነበር። ስሕተቱ በተወለደበት ቦታ፣ በተወለደበት ቅጽበት ቢያዝስ? ኦስቲን ከዴቪድ ብላው፣ ከትሬቨር መጅ፣ ከአርም ኩባንያው ክሪስቲያን ፍላውትነርና እነ ዳን ኧርነስት ካሉበት የተማሪዎች ቡድን ጋር ይህን ጥያቄ ይዞ ተቀመጠ።

ነገር ግን ሁሉን የሚወስን አንድ ነገር አልታወቀም ነበር። ቮልቴጁ ሲወርድ ውድቀቱ ምን ይመስላል? ገደል ከሆነ፣ ማለትም ከአንድ ነጥብ በታች ሁሉም ነገር አብሮ የሚናድ ከሆነ፣ ስሕተትን መያዝ ትርጉም የለውም። ቁልቁለት ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው።

ሙከራው ቀላል ነበር፤ እኔን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝም ይህ ነው። እንደልብ ሊዋቀር በሚችል ቺፕ ላይ ባለ 18 ቢት ቁጥሮችን የሚያባዛ ሰርኪዩት ሠሩ፤ በሰከንድ 90 ሚሊዮን ጊዜ ያባዛል። ከጎኑ ያንኑ ሥራ ተራ በተራ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ሳይጣደፉ የሚሠሩ ሁለት ሌሎች አስቀመጡ። የዘፈቀደ ቁጥሮች ለሁሉም ተሰጡ፤ የችኩሉ መልስ ከዝግተኞቹ መልስ ጋር ተመሳከረ፤ ልዩነት በተገኘ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ጨመረ። ከዚያ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

መጠባበቂያው ሁሉ ሲደመር የሚጠይቀው 1.69 ቮልት ነበር። ከዚያ ወረዱ፤ ቆጣሪው ዜሮ። 1.54 ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ስሕተት ድንበር ተገኘ። ጠንቃቃ መሐንዲስ እዚህ ቆሞ ይመለሳል። እነሱ ወደ 1.52 ወረዱ።

ገደል አልነበረም። 1.52 ላይ ስሕተት የመጣው በየ20 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ ከ1.8 ቢሊዮን ማባዛት አንዱ መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ ቀጠለ። 1.36 ቮልት ድረስ ወርደው እንኳ የተሳሳተው 1.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ኃይሉ ደግሞ ከ1.69ኙ አንጻር በ35 በመቶ ቀንሷል።

ዕድሉ ያለው በሒሳቡ ጠባይ ውስጥ ነበር። ማባዛት በውስጡ መደመር ነው፤ 99,999 ላይ 1 ስትደምር «የተያዘ አንድ» ከቀኝ እስከ ግራ ድረስ በየቤቱ ያልፋል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ተሳፋሪ ይህ ነው። 52,314 ላይ 1 ስትደምር ግን ሥራው እዚያው ያልቃል። አብዛኛው ቁጥር የሁለተኛው ዓይነት ነው። ፋብሪካው ለዓመታት ቮልቴጅ ሲመድብ የኖረው አልፎ አልፎ ብቻ ለሚመጣው ለዚያ ለሩቁ መንገደኛ ነበር።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ረዳት ነው። አንደኛው ረዳት በሰዓቱ በሩን ይዘጋል፣ አውቶቡሱም ይነሣል። ሁለተኛው ለጥቂት ቅጽበት መነኻሪያው ውስጥ ይቆማል። እየሮጠ የመጣ ሰው ካየ «ቁም፣ ሰው ቀርቷል!» ብሎ ይጮኻል፤ ትክክለኛው ቁጥር በእጁ ስላለ ስሕተቱ ወዲያው ይታረማል። ንድፉን ራዞር፣ ምላጭ አሉት፤ በስለት ጠርዝ ላይ የሚራመድ ነገር ስለሆነ ስሙ ያንሰዋል አይባልም።

ምላጩ እነሱንም ሳይቆርጣቸው አልቀረም። ሁለተኛው ረዳት ቆሞ ሳለ ከቅርብ ሰፈር የመጣ ቀልጣፋ ሰው፣ የሚቀጥለው አውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ቢደርስስ? ረዳቱ የዘገየ መስሎት ያለ ምክንያት ይጮኻል። መፍትሔው ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ፍጥነት ፍለጋ የወጡ ሰዎች አጫጭሮቹን መንገዶች ሆን ብለው አዘገዩ። ሌላም ነበር። አንድ እግሩ በር ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ ሳለ በር የሚዘጋበት ተሳፋሪ፣ ገባ ወይስ ቀረ? ሰርኪዩቱ በአዎና በአይደለም መካከል ሲንጠለጠል የሚለይ ሌላ ጠቋሚ መጨመር ግድ ሆነ።

በታኅሣሥ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሳን ዲዬጎ ላይ በተደረገ ጉባኤ አቀረቡት። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ሲሊከን ወረደ። በ2006 ባሳተሙት ውጤት 33 ቺፖች ተለክተው፣ ከሺሕ አንድ ስሕተት በሚፈቅድ ቮልቴጅ ሲሠሩ፣ ለክፉው ቀን ከተመደበው ኃይል በአማካይ ግማሹን አዳኑ። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ዝቅተኛ ቮልቴጅ እየወደቀና እየተነሣ ራሱ አገኘ። በ2007 ኦስቲን የሞሪስ ዊልክስ ሽልማትን ሲቀበል ዲቫና ራዞር በስም ተጠቅሰዋል።

ውድቀትን ከመሸሽ ይልቅ መቻልን ያውቀዋልና፣ የፎገራ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። ጤፍ የሚሰምጥበት ሜዳ ላይ ከውሃው መሸሽ ትቶ ውሃ የሚችለውን ሩዝ፣ የጅግና ቀበሌን ስም የያዘውን ኤክስ ጅግናን፣ የዘራ አገር ነው።

ኦስቲን ከጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከኢትዮጵያም ተማሪዎች ሚሺጋን ገቡ። ያን ጊዜ የእሱ ቤተ ሙከራ ጥያቄ ወደ ደኅንነት ዞሮ ነበር፤ ጠላት ሊያጠቃው ሲያጠና ራሱን እየለዋወጠ የሚያመልጥ ሞርፊየስ የተባለ የፕሮሰሰር ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቀርብ ዘላለም ብርሃኑ አወቀ፣ ሣልሳዊ ፈረደ ይትባረክና ምስክር ታደሰ አጋ ከደራሲዎቹ መካከል ነበሩ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የአውሮፓ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረጉ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ቮልቴጅ በሶፍትዌር ብቻ ዝቅ አድርገው፣ ምስጢር የሚጠበቅበትን ክፍል አሳሳቱት፤ ከተሳሳተው መልስ ቁልፉን አወጡ። ከወደቁት ትእዛዞች አንዷ የትኛዋ ነበረች? ማባዛት። ሚሺጋን ላይ ቆጣሪው የሚጨምርባት ያቺው። ኢንቴል መልስ ሲሰጥ ቮልቴጅ የሚቀነስበትን በር የሚቆልፍ ማስተካከያ አወጣ፤ ቮልቴጅ ሲቀንሱ የኖሩ ብዙዎችም ኮምፒውተራቸውን አድሰው ሲከፍቱ በሩ ተዘግቶ አገኙት።

የወረታው ሰውዬ በር ግን ክፍት ነበር። በማግሥቱ ሌሊት እንደገና ተቀመጠ። በእሱ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለተኛ ረዳት አልነበረም፤ ያን ሥራ የሚሠራው እሱ ራሱ ነው። ካገኘው ነጥብ ላይ 20 ሚሊቮልት መልሶ ጨመረ፣ ትንሽ አሰበ፣ 10ሩን መልሶ ቀነሰ፣ ፕራይም95ን አስነሣና መብራቱን አጠፋ።